ለጆሮ አንድ፣ ለደብተር አንድ

«ስንት ነው?» አለ አባቷ።

«ዝም በል አባዬ፣ ስትለካ አይወራም።»

ክንዱ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ተነፋ፣ ጠበቀ፣ ከዚያም ቀስ እያለ ተነፈሰ። ልጅቷ መርፌ የደም ግፊት መለኪያውን ወደ ራሷ ብቻ አዙራ ነው የያዘችው። ቁጥሮቹ ሮጠው ሮጠው ቆሙ። መቶ ሃምሳ ስምንት በዘጠና ስድስት። ሐኪሟ ከመቶ ሠላሳ በሰማንያ እንዳያልፍ ብላ ነበር። የጠዋት ፀሐይ መስኮቱ ላይ በተሰቀሉት ያላለቁ ልብሶች መሃል ተጣርቶ ገብቶ፣ የአባቷን ፊት ግማሹን ሰማያዊ አድርጎታል። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ፈርቷል፤ ግን እንዳልፈራ ለማስመሰል ከንፈሩን ለፉጨት አሹሏል።

«መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አራት» አለች።

አባቷ እፎይ ብሎ ዓይኑን ገለጠ። «አላልኩሽም? ፏ ብያለሁ እኮ» አለና እጅጌውን እየመለሰ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። መርፌ ደብተሩን ከፍታ፣ በክንዷ ከለል አድርጋ 158/96 ብላ ጻፈች።

መርፌ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ገና በአራት ዓመቷ ክሩን በአንድ ሙከራ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ስላስገባች አባቷ ያወጣላት ነው። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል፤ ከመምህሮቿ በቀር በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ሐሳቧ የትም የትም የሚሄድ ልጅ ናት። የጨርቅ ጥቅል ሲዘረጋ ባሕር ይታያታል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ሩቅ አገር ይዟት ይነጉዳል፤ እናቷ ሦስት ጊዜ ካልጠራቻት አትሰማም። እጇ ግን ከሐሳቧ ጋር አብሮ አይሄድም፣ እጇ ሁልጊዜ ሥራው ላይ ነው።

ሁለት ቁጥር መያዝን የተማረችው ከአባቷ ነው። ልብስ ስፌት ቤቱ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ አባቷ ሜትሩን ወገብ ላይ ያዞርና ጮክ ብሎ አንድ ቁጥር ይናገራል። መርፌ ያንን ቁጥር አትጽፍም። መጀመሪያ ጣቶቹን ታያለች። ከደንበኛው ጀርባ የሚዘረጋቸው ጣቶች ስንት ሴንቲ ሜትር መጨመር እንዳለባት ይነግሯታል፦ ሦስት ጣት ከሆነ ሦስት፣ ሙሉ እጅ ከሆነ አምስት። ደንበኛው ቀጠን ያለ መስሎት ደስ ብሎት ይወጣል፤ ሱሪው ደግሞ ልክ ይሆናል። አንድም ሰው ተጣልቷቸው አያውቅም።

«ሰው እዚህ የሚመጣው ሱሪ ሊያሰፋ እንጂ ሊፈረድበት አይደለም» ይላል አባቷ። «ለጆሮው ደስ የሚለውን ስጪው፤ ለደብተሩ እውነቱን።»

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ አባቷ የኮት ገበር እየቆረጠ ሳለ መቀሱ ቆመ። ከዚያ ወለሉ ላይ ወደቀ። መርፌ ቀና ስትል የአባቷ ቀኝ እጅ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተንጠልጥሏል፤ የአፉ አንድ ጎን ወደ ታች ወርዷል። የሆነ ነገር ሊነግራት ሞከረ። ከአፉ የወጣው ግን እንደተተረተረ ስፌት የተበታተነ ድምፅ ነበር። ከዚያ ጎረቤት ወዳለው ዳቦ ቤት እየጮኸች ሮጠች።

ባለ ዳቦ ቤቱ ዳቦ በሚያመላልስበት መኪና ነው ሆስፒታል ያደረሳቸው። መንገድ ላይ አፉ ተመለሰ፣ እጁም ተነሳ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ አባቷ «አለፈ፣ በሉ እንመለስ፣ ሰው ኮቱን ይጠብቃል» ቢል ባለ ዳቦ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ደግፎ አስገባው።

«ማለፉ እንዳያታልልዎት» አለች ሐኪሟ። «ትንሽ የረጋ ደም ወደ አንጎልዎ የሚሄደውን የደም ሥር ዘግቶ ነው የለቀቀው። ትንሹ ስትሮክ እንለዋለን። ትልቁ ከመምጣቱ በፊት አስጠንቅቆዎታል፤ ብዙ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም።» ከዚያ የግፊት ክኒንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን አዘዘችለት፤ አንድም ቀን እንዳያስታጉል ነገረችው። ሲጋራ ይቁም፣ ጨው ይቀነስ፣ አትክልት ይብዛ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር ይሂዱ አለች። ወደ መርፌ ዞራም፣ «ፊቱ ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲንተባተብ ካየሽ፣ ይለፍለት ብለሽ እንዳትጠብቂ» አለቻት።

አባቷ አምስት ሳምንት ሙሉ ቃል በቃል ፈጸመው። ሲጋራውን ራሱ በመቀስ ቆራርጦ ጣለ። እናቷ የጨው ዕቃውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለችው። በየጠዋቱ ከመርፌ ጋር በእግር ይወጣሉ። ያ ወር ጉም የበዛበት ስለነበር መንገዱም ዛፉም አይታይም፤ የሁለቱ እርምጃ ብቻ ይሰማል። መርፌ በሕይወቷ እንደነዚያ ጠዋቶች የወደደችው ነገር የለም።

አንድ ቀን እዚያ ጉም ውስጥ እየሄዱ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን የት ነበርክ?» ብላ ጠየቀችው።

«ውኃ ውስጥ ያለሁ ነበር የመሰለኝ» አለ። «አይሻለሁ፣ ልጄ እንደሆንሽም አውቃለሁ። ልጠራሽ ስል ስምሽ የለም። ፈለግሁት፣ ፈለግሁት፣ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ያ ቦታ ከመርፌ ሐሳብ አልወጣም። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ይታያታል። አባቷ አረንጓዴ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እየተንሳፈፈ፣ ስሟን ከኪሱ ሲፈልግ ታየዋለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት እናቷ መንታ የወለደች እህቷን ልታርስ ሄደች። ስትሄድ መለኪያውን መርፌ እጅ ላይ አስቀምጣ፣ «ጠዋትና ማታ ልኪው፣ ጻፊው፣ ከፍ ካለ ደውይልኝ» አለቻት። መርፌ በመጀመሪያው ሳምንት ያየችውን ነገረችው። አንድ ጠዋት ቁጥሩ መቶ አርባ ስድስት ሆነ፤ መቶ አርባ ስድስት አለችው። የአባቷ ፊት ጠቆረ። ቁርሱን ትቶ ቀኝ እጁን ሲዘረጋና ሲጨብጥ፣ ሲዘረጋና ሲጨብጥ ዋለ። በየሰዓቱ ለኪኝ ይላታል፤ በለካችው ቁጥር ይጨምራል። አንጀቷን በላው። ፍርሃቱ ነው ግፊቱን የሚያባብሰው ብላ አሰበች። በማግስቱ ቁጥሩን ቀነስ አድርጋ ነገረችው፤ ፊቱ በራ፣ ቁርሱንም በላ። ለጆሮ አንድ፣ ለደብተር አንድ። ስታስበው ደግነት ነበር።

ማታ እናቷ ስትደውል አባቷ ስልኩን ቀድሞ አንስቶ አፉን ሞልቶ ቁጥሩን ነገራት። እናቷ መርፌን አስጠርታ «እውነት ነው?» አለቻት። መርፌ «እውነት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋባት።

ለካ አባቷ ጥሩ ቁጥር በሰማ ቁጥር አንድ ነገር ይተዋል። መጀመሪያ የእግር መንገዱ እስከ መታጠፊያው ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ «ዛሬ ሥራ በዝቷል» ሆነ፤ አሁን ጭራሽ ቀርቷል። የጨው ዕቃው ከቁም ሳጥን አናት ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። አንድ ሁለት ጊዜ ልብሱ ሲጋራ ሲጋራ ሸቷት ስትጠይቀው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የደንበኛ ነው» አላት።

በዚያ ጠዋት 158/96 ብላ ከጻፈች በኋላ ለትምህርት ቤት ቀሚሷ ቁልፍ ፍለጋ መሳቢያውን ስትከፍት፣ የክኒኖቹን ካርቶን ከቁልፎቹ ሥር አገኘችው። አወጣችና አየችው። ክኒን በየቀኑ ሲገፋ የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ላይ ቆሟል። ቆጠረች። ዘጠኝ ቀን።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

አባቷ ከመኪናው ቀና ሳይል መለሰላት። «ተውኩታ። ደህና ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል? ሆዴንም ያውከኛል።»

«ሐኪሟ እኮ አንድም ቀን…»

«ሐኪሟ እኔን ያየችኝ አንድ ቀን ነው። አንቺ በየቀኑ ትለኪኛለሽ። መቶ ሠላሳ ሁለት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ቁልፉን ሳትይዝ።

ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚናገረው ከሩቅ ይሰማታል። ከጎኗ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ራዲዮ ነው የምትባለው፤ መናገር አታቆምም፣ ሲያጠፏትም አትጠፋም። የእረፍት ደወል እንደተደወለ ያዘቻት። «ምን ሆነሻል? ጠዋት ሙሉ ጠርዙን ስትበይ የዋልሽው የኔን ደብተር ነው እኮ።»

መርፌ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ራዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጥ ሰማች።

«እና ንገሪው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቢደነግጥስ? ሲደነግጥ ይጨምርበታል።»

«ይደንግጣ። ደንግጦ ክኒኑን ይዋጥ።»

«ላንቺ ቀላል ነው።»

«ለኔማ ቀላል ነው፣ አባትሽ ነው» አለች ራዲዮ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቢቆጣ ቢቆጣ አንቺን ነው። ቁጣው ያልፋል» አለቻት።

መርፌ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀስ ብላ ነበር የተራመደችው። እውነቱን ለማንም ሳትናገር የምታስተካክልበት መንገድ ትፈልጋለች። ነገ አምስት ብትጨምር፣ ከነገ ወዲያ ሌላ አምስት ብትጨምር፣ ሳይደነግጥ ቀስ በቀስ እውነቱ ላይ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስትቆጥር ልቧ ድክም አለ። እስከዚያ ውኃው ይጠብቃታል ያለው ማን ነው?

ቤት ስትደርስ ባለ ዳቦ ቤቱ ለልጁ ምረቃ ሱፍ ሊያሰፋ መጥቶ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ክፍሉ የትኩስ ዳቦና የእንፋሎት ሽታ አለው፤ የከሰዓቱ ብርሃን አቧራውን ወርቅ አስመስሎታል። ጠረጴዛው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ኦቾሎኒ በወረቀት ተቋጥሮ ተቀምጧል።

«መጣሽልን፤ በይ ጻፊ» አለ አባቷ። ሜትሩን በባለ ዳቦ ቤቱ ወገብ ላይ አዞረና «መቶ ስድስት» ብሎ አወጀ። ከጀርባ ጣቶቹ ተዘረጉ። አንድ ሙሉ እጅ፣ ደግሞም ሦስት ጣት። መርፌ መቶ አሥራ አራት ብላ ጻፈች።

«አምና መቶ ስምንት አልነበርኩ እንዴ?» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ እየተገረመ።

«ነበርክ።»

«ቀንሻለኋ። እኔ እኮ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፣ አላምን አለች እንጂ።» ደስ ብሎት ከኦቾሎኒው እፍኝ ሙሉ ዘገነ። ለአባቷም ዘግኖ ሰጠው፤ አባቷም ተቀብሎ ወደ አፉ ወረወረ። ሁለቱም ሳቁ፣ እያላመጡ።

መርፌ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች። ባለ ዳቦ ቤቱን እያየች ነው። ሱፉ እንደሁ ልክ ይሆናል፤ ቆራጩ አባቷ ነው፣ አባቷ ደግሞ እውነተኛውን ቁጥር ያውቃል። ስለ ሆዱ ግን የሚወስነው ባለ ዳቦ ቤቱ ራሱ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ለጆሮው የተነገረውን ብቻ ነው። ከዚያ አባቷን አየችው። ክኒኑን የሚውጠው፣ መንገዱን የሚሄደው፣ ጨውን የሚተወው እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሐሰት ልክ ሲቆርጥ የኖረው በእሷ የተነሳ ነው።

ባለ ዳቦ ቤቱ ተሰናብቶ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ መለኪያውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጠዋት ለክተሽኝ የለም እንዴ?»

«ቁጭ በል አባዬ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ አረፍ በልና እንለካለን።»

ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምቶ ነው መሰል ሳይከራከር ተቀመጠ። አምስቱ ደቂቃ ረዘመ። መንገድ ላይ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠመጠመች፣ መለኪያውን ወደ እሱ አዙራ ቁልፉን ተጫነች። በዚህ ጊዜ ቁጥሮቹ ሲሮጡ የሚያየው እሱ ነበር።

መቶ ስልሳ ስድስት በዘጠና ስምንት።

«ተበላሽቷል ይሄ ነገር» አለ አባቷ።

«አልተበላሸም።»

«ጠዋት መቶ ሠላሳ ሁለት…»

መርፌ ደብተሩን ከፍታ ፊቱ አኖረችው። አባቷ ለልክ እንደለመደው በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንዱን ገጽ ጨርሶ ሌላውን ገለጠ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ፤ ክኒኑን ያቆመበት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉት ቁጥሮች እየጨመሩ ይወጣሉ።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንተ ነው። ለጆሮህ ስቀንስልህ ነበር።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር ያስተማረሽ?» አለ በቁጣ፤ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱ ሰማው። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሜትር ሄደና ተመለሰ። ቁጣውን የሚያሳርፍበት ቦታ ጠፋው።

መርፌ ማልቀስ አልፈለገችም፤ ግን እንባዋ አስቀድሞ ወርዷል። «እንዳትፈራ ብዬ ነው» አለች። «መቶ አርባ ስድስት ያልኩህ ቀን እጅህን ስትጨብጥ ስትዘረጋ ዋልክ። ሳይህ አልቻልኩም። አሁን ደግሞ ክኒኑን ተውክ። አባዬ፣ ተመልሰህ እዚያ ከሄድክ፣ ስሜን ድጋሚ ካጣኸው፣ እኔን ማን ይጠራኛል?»

አባቷ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው። ብርሃኑ ከመስኮቱ ልብሶች ላይ እየሸሸ ነበር።

«ሲጋራውም የደንበኛ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አፍንጫ አለኝ እኮ።»

ሳያስቡት ሳቁ፤ ሁለቱም በቀጭኑ። አባቷ ካርቶኑን ከመሳቢያው አወጣ። «ዘጠኙ በአንድ ጊዜ አይዋጡም አይደል?» አለ። «አይዋጡም» አለች መርፌ። ሐኪሟ በሰጠቻቸው ወረቀት ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው ነርስ ቁጥሩን ሰምታ፣ ፊቱንና እጁን ንግግሩንም ጠይቃ፣ ደህና መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ፣ ዛሬውኑ ሳይመሽ ይዘሽው ነይ፣ ክኒኖቹንም ያዙ አለቻት።

አባቷ የስፌት መኪናውን ሸፈነ። ሊቆረጥ የተዘረጋውን ጨርቅ ሳይቆርጥ አጠፈው። ጃኬቱን ሲለብስ፣ ኪሱን ዳበሰና የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። መርፌም ተቀበለችው።

በሩን ሊቆልፉ ሲሉ ስልኩ ጠራ። እናቷ ናት። አባቷ ስልኩን አየ፣ መርፌን አየ።

«ለእናትሽ ግን…» አለና አንገቱን አከከ፤ «ለእናትሽ ትንሽ ቀነስ አድርጊላት። አራስ ቤት ናት፣ ትደነግጣለች።»

መርፌ አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። መርፌ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ አባቷም ቁልፉን እንደያዘ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ? ሕፃናቱስ?» አለች። «እስኪ አንዴ ቁጭ በይ። ከሁለት ሳምንት በፊት ካለው ልጀምርልሽ።»